ከሩዙ በላይ የረዘመው

አክስቴ ወረታ ዳር ባለው ማሳቸው ሩዝ ሲያርሙ፣ ከሌላው በላይ የተመዘዘውን አገዳ ሁሉ «ይህ ዘር ያበላሻል» እያሉ ይነቅሉ ነበር። እኔ ደግሞ ከቁመት በቀር ያደገልኝ ነገር የለምና፣ ሽበት ካወጣሁም በኋላ «አንተ ቀውላላ፣ ዝቅ በል! ተሳስቼ እንዳልነቅልህ» ይሉኝ ነበር።

ሞባይል ወረታ በገባ ሰሞን ጡታቸው ላይ ዕጢ ወጣባቸው። ባሕር ዳር ይዣቸው ሄድሁ። ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ፣ «እናቴ፣ ገላ እንዲያድግ የሚያዝ አንድ ፕሮቲን በጤነኛ ሰውም አለ፤ በእርስዎ ዕጢ ላይ ግን ከልክ በላይ በዝቷል። እንዲህ ያለው ካንሰር ይቸኩላል፤ ቢቆረጥም ይመለሳል» አላቸው።

«ለአጨዳ ያደርሰኛል?»

ሐኪሙ የውጤቱን ወረቀት አጠፈ። እኔ ጅሉ ያጽናናሁ መስሎኝ፣ «እትዬ፣ ረዥም መንቀል ለእርስዎ ምን ይገዳል?» ብዬ ቀለድሁ።

«አየ ልጄ፣ ይኸስ ሳላየው ረዘመ» አሉኝ።

ለአጨዳ አልደረሱም። ኅዳር ላይ ማሳቸው ስገባ፣ ከታመሙ ወዲህ ማንም ያልነቀለው ረዣዥም አገዳ ከሩዙ በላይ ቆሟል። እኔም መሐሉ ተገትሬ ቆየሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ ዝቅ አልሁ፤ «ዝቅ በል!» ያለኝ ግን አልነበረም።