የወረቀት ካባ የለበሰው ሰውዬ

ከቲማቲም ጣሳና ከሽቦ የተሠራ፣ ቁመቱ ከመሃል ጣቴ የማይበልጥ ሰውዬ አለኝ። ፊቱ ላይ በጥላሸት የተቀባ ጭንብል፣ ትከሻው ላይ የወረቀት ካባ አለው። መሃል ከተማ በረንዳ ላይ ተቀምጬ መጫወቻ ስሠራ ከፊቴ አቆመዋለሁ። አልሸጠውም።

የሠራው ጋሽ ዳንጊሶ ነው። ልጅ ሳለሁ፣ የሐይቁ ጭቃና የዓሣ ሽታ እስከ ጓሯችን በሚዘልቅበት ዘመን፣ ድስትና ባልዲ እየጠገነ የሚኖር ጎረቤታችን ነበር። ልቡ ግን ድስቱ ላይ አልነበረም። ሲኒማ ሲመጣ ያንኑ ፊልም አራት አምስት ጊዜ ያያል፤ ሰው የናቀውን፣ ሥዕሉ የሚዘለውን አሮጌ ፊልም ነበር አብዝቶ የሚወደው። ሰኞ ስንመጣ የፊልሙ ሰዎች ከጣሳ ተሠርተው ጠረጴዛው ላይ ቆመው እናገኛቸዋለን። የውጭ አገር የሥዕል መጽሔት፣ ዛሬ ልጆቹ ኮሚክ የሚሉትን፣ ስኳር መጠቅለያ ሊሆን ሲል ከባለሱቁ እጅ ይነጥቃል። "በዚህ ስኳር ይጠቀለላል? ኧረ ግፍ ነው!" ይል ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ያነብልን ነበር። የሚቀልጠው እርሳስ ሽታ አፍንጫችንን እያቃጠለው መሬት ላይ እንቀመጣለን። ጣቱን ከሥዕል ሥዕል እያሻገረ፣ ጭንብል ያደረገው ሰውዬ ጫካ ገብቶ ክፉውን ገዥ እንዴት እንደሚዋጋ ይነግረናል። "ዛሬ እስር ቤቱን ሊሰብር ነው፤ ዝም በሉ!" ትንፋሻችንን እንውጣለን። ለኔ የሠራልኝን ሰውዬ "ካባ የለውም" ብዬ ሳለቅስበት፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ ከሚሳሳለት፣ ከዚያው ከሚያነብልን መጽሔት አንድ ገጽ ቆርጦ አለበሰልኝ። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያም ብዙ አልገፋሁም። የውጭ ፊደል የሚያነብ ሰው ማወቄ ትልቁ ኩራቴ ነበር።

ከዚያ ያ የአሰሳ ዘመን መጣ። አንድ ቅዳሜ፣ እንደተቀመጥን፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ገቡ። ከአልጋው ሥር መጽሔቶቹን ጎትተው አወጡ። አለቃቸው አገላበጠ፣ ለጓደኞቹ አቀበለ፤ አንዳቸውም ማንበብ አልቻሉም።

"ምን ይላል ይሄ?" አለው።

"እኔ ምኑን አውቄው ጌታዬ። ማንበብ አልችልም። ለሥዕሉ ነው።"

"መሃይም ነኝ በለኛ! የማታነበውን ምን ያስቆልልሃል?" ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ።

ጋሽ ዳንጊሶ በጓደኞቼ ፊት መሃይም ሲባል አላስችል አለኝ። ብድግ አልኩ። "ያነባል እንጂ! ሁልጊዜ ያነብልናል! ምን እንደሚል እኔ ልንገርዎት!" ጫካውን፣ ጭንብሉን፣ ክፉውን ገዥ፣ የሚሰበረውን እስር ቤት፣ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ስጨርስ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ዳንጊሶ አልተቆጣኝም። እየነዱት ሲያልፍ ራሴን ዳበስ አደረገኝ። "ጎበዝ። አንድም አልረሳህም" አለኝ።

አልተመለሰም። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ ከርማ፣ አንድ ቀን "ከእንግዲህ አታምጪ" ብለው መለሷት። እናቴ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" ስትል በሰማሁ ቁጥር፣ ለማንም ትበለው ለማን፣ እኔን ያለችኝ ይመስለኝ ነበር።

በቀደም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በኮሚክና በድሮ ፊልም ያበደ ልጅ፣ ሰውዬውን አይቶ ዓይኑ በራ። "አባባ፣ ካባው ላይ ያለውን ስልኬ ይተርጉምልዎት?" አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ይዤው ስኖር ማንንም አልጠየቅኩም። ካባውን ፈታሁለት።

"ሰውየው ፈረሱ ጠፍቶበት መንገደኛ እየጠየቀ ነው" አለኝ። "ቡናማ ፈረስ አይታችኋል ወይ ይላል። ሌላ የለውም።"

ካባውን ተቀብዬ ሰውዬውን መልሼ ላለብሰው ብሞክር፣ ቋጠሮው እምቢ አለኝ።

"ምነው አባባ፣ አመመዎት እንዴ?"

"የለም የኔ ልጅ። ፀሐዩ ነው።"

የዛሬ ልጆች የዓለሙን ቋንቋ በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ያን ቀን በዚያች ክፍል ውስጥ፣ ጠመንጃ ከያዙት ጀምሮ እስከ እኔ፣ ጋሽ ዳንጊሶም ጭምር፣ ነገሩ የጠፋ ፈረስ ፍለጋ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

አሁንም ልጆች የውጭ የሥዕል መጽሐፍ ይዘው "አባባ ያንብቡልን" ብለው ይከቡኛል። "እኔ ይህን ማንበብ አልችልም፤ ከራሴ ነው የምፈጥረው። ማንም ቢጠይቃችሁ እንዲህ በሉ" እላቸዋለሁ። እየሳቁ አንድ በአንድ ይደግሙልኛል። ሁሉም ማለታቸውን ሳላረጋግጥ ጣቴን መጀመሪያው ሥዕል ላይ አላሳርፍም።