ያልተቀመሰ ቆሎ

አንድ እንግዳ ሰው ወንዛዬ ከሚባለው ፍል ውኃ ዳር ተቀምጦ የረሽ ጠመንጃውን ያጸዳል። የባሩዱ ጥላሸት አፈሙዙ ውስጥ ደርቆ ስለተጋገረ ትኩሱን ውኃ ደጋግሞ ያፈስበታል፤ የአቡጀዲ ቡትቶ በጥርሱ እየዘነጠለም ቀጭን ዘንግ ላይ ይጠቀልልና ይፈትገዋል።

ለጉልበቷ ሕመም ልትታጠብ የመጣችው ጸሐይነሽ ከአፈሙዙ የሚወርደውን ጥቁር ውኃ ታያለች። ባሏን ባለፈው ሰኔ በረሽ የገደለው ሰው እስካሁን አልታወቀም።

«ወንድምዓለም፣ ምን ቢተኮስበት ነው እንዲህ የጠቆረ?»

«ዝይ ነው እታለም። የፎገራ ዝይ እንደ ጭቃ ሹም ነው፤ ሳይዘራ ይበላል!» ብሎ ሳቀ። «እኔ ግን ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመስሁም።»

ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈትታ ቆሎ ዘገነችለት። በሁለት እጁ ተቀበለና፣

«የማን ቤት ነሽ?» አላት።

«የቁሐር ሚካኤሉ የአንለይ ሚስት ነኝ።»

በአገሩ ደም ያለበት ሰው ሳይታረቅ ከሟች ቤት እህል አይቀምስም። እንግዳው ቆሎውን ቀስ ብሎ መቀነቷ ላይ መለሰው፤ አንዲት ፍሬ እንዳትቀርም መዳፉን አራገፈ።

«ጥርሴን ያመኛል፣ እታለም» አለ።

ጸሐይነሽ ቁልቁል ተመለከተች። በዚያው ጥርሱ የዘነጠለው ቡትቶ ጠቁሮ እግሯ ሥር ተከምሯል።