ግራ በኩል ተቀመጡ

ወደቡ ላይ የወረደ እንግዳ ሽንት ቤት የት ነው ቢል፣ ሙዚየሙ ስንት ሰዓት ይከፈታል ቢል፣ ጫማ ሰፊውም ቀና ሳይል፣ ዓሣ ሻጩም ቢላውን ሳያስቀምጥ፣ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ጠይቋት!» በአገጫቸው የሚጠቁሙት ከአሮጌው የድንጋይ በር ሥር ያለችውን የመረጃ መስጫ ቤት ነው። ከመስኮቱ ኋላ የምትቀመጠው ሴትዮ እናቷ ያወጣችላት ስም ነበራት፤ ግን ማን ያስታውሰዋል? ጠይቋት ሆና ቀረች።

እሷም መጠየቅ ነፍሷ ነው። አንድ ነገር የጠየቀ እንግዳ ሌላ አምስት ነገር ሳይሰማ አይለቀቅም። «ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው፤ በሩን ብትደበድቡት ዘበኛው አይሰማም። አንቺ፣ በዚህ ጫማ ነው ግንቡ ላይ የምትወጪው? በይ ቁርጭምጭሚትሽን ከወዲሁ ተሰናበቺው! ዳቦ በእጃችሁ ይዛችሁ በባሕሩ ዳር እንዳትሄዱ፤ ወፎቹ ሌቦች ናቸው። ደሴቲቱን ሳታዩ ከሄዳችሁ ደግሞ መጥታችኋል አልልም። ጀልባዋ ላይ ስትሳፈሩ ግራ በኩል ተቀመጡ። ግራ! አደራ!»

ይቺ «ግራ በኩል ተቀመጡ» የምትል ምክር በነጻ በሚታደለው ካርታ ጀርባ ላይም በደማቁ ታትማለች። አንዳንድ እንግዳ ሲመለስ «ግራ በኩል እኮ ምንም የለም» ብሎ ሊያጉረመርም ይሞክራል። ጠይቋት ግን አትረታም። «ጀርባህን ሰጥተህ ተቀምጠህ ይሆናላ!» ትለዋለች። ደግሞም ከደሴት የሚመለስ ሰው ፀሐይ የጠበሰው፣ ውሃ የጠማው ሰው ስለሆነ ብዙ አይከራከርም።

እንግዲህ ጉዱ ይኸውላችሁ። ጠይቋት ደሴቲቱን ረግጣ አታውቅም። ደሴቲቱስ ይቅር፣ እግሯ ጀልባ ነክቶ አያውቅም! ልጅ ሳለች አጎቷ ለጨዋታ ብሎ ከወደቡ መሰላል ጫፍ ባሕሩ ላይ አንጠልጥሎ «ልወርውርሽ?» ብሏት ነበር። አጎትየው እየሳቀ መልሶ አቆማት፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ ውስጥ ያልገባ ውሃ አትወድም። ስለ ደሴቲቱ የምታወራው ሁሉ ከእንግዶችና ከባሏ የለቃቀመችው ነው። ባሏስ ማን ነው? የዚያችው ጀልባ ነጂ ነዋ!

ሰው ካፒቴን ይለዋል። ወሬ አያበዛም፤ ቢያበዛም ቤቱ ውስጥ ተራ አይደርሰውም። አዲስ ተጋብተው ሳለ፣ እሷም ያን ሰሞን ሥራ ስትጀምር፣ «ጀልባህ ላይ የት በኩል መቀመጥ ነው ደስ የሚለው?» ብላ ጠይቃው ነበር። «ግራ» አላት። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ለማስተማር ቸኩላ ነበርና ያንኑ ይዛ መስኮቷ ላይ ተሰየመች።

ጠዋት ጠዋት ጀልባዋ ስትነሳ በመስኮቷ ፊት ለፊት ነው የምታልፈው። ሰው ግራ በኩል እላይ በላዩ ተደራርቦ፣ ጀልባዋም ወደዚያው ዘመም ብላ ትሄዳለች። ጠይቋት ጀልባ ሁሉ ተፈጥሮው እንደዚያ ይመስላታል። እንግዶቹ እጃቸውን ሲያውለበልቡ እሷም መሀረቧን ታውለበልባለች። «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው!» ትላለች ለራሷ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ገብተው ሻይ ሲጠጡ ካፒቴን ሲኒውን አስቀመጠና «ነገ የመጨረሻዬ ነው» አለ። ጡረታ እንደሚወጣ ታውቅ ነበር። አሮጌዋም ጀልባ አብራው ልትወጣ ነው፤ በማግስቱ ሊያፈርሷት ይወስዷታል፤ በምትኳ መስታወት በመስታወት የሆነ አዲስ ጀልባ ይመጣል።

«ነይ» አላት።

«የት?»

«ጀልባዋ ላይ።»

«ነገ እኮ ነፋስ አለ።»

«የለም።»

«ቢሮውንስ ማን ይይዝልኛል?»

«ዝጊው።»

«ባርኔጣዬ...»

«ሁለት አለሽ።»

ሲኒውን ይዞ ተነሳና ለማጠብ ወደ ጓዳ ገባ። ጠይቋት ውሃው ሲንፏፏ እየሰማች ቁጭ አለች። ይህ ሰው ከተጋቡ ጀምሮ ይህን አድርጊልኝ ብሏት አያውቅም። ነገ ካልሄደች ደግሞ ሌላ ነገ የለም፤ ጀልባዋም የለችም። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ብትቀር ግን እሱ ምንም እንደማይላት ታውቃለች፤ ከሁሉ የከፋባትም ይኸው ነው።

በነጋታው መስኮቷን ዘጋች። «መጣሁ» የሚል ወረቀት ለጠፈችበትና ወደ ጀልባዋ አመራች። መዳፏ ልብስ እንዳጠበ ሰው ረጥቧል።

«እትዬ፣ ምነው? ሰው ጠፋብዎት?» አላት ቲኬት ቆራጩ።

«ልሳፈር ነው።»

«እርስዎ?!»

ይህቺን «እርስዎ» ወደቡ ሁሉ ሰማት። ዓሣ ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢላውን አስቀመጠ። ጫማ ሰፊው ቀና አለ። «ወይ ጉድ! ጠይቋት ሄዳ አታውቅም እንዴ?» አለ አንዱ። ያ ሁሉ ዘመን የደበቀችው ነገር ባንድ አፍታ ተዘረገፈ።

«ምን ያስገለፍጣችኋል? ሴት ጀልባ ስትሳፈር አይታችሁ አታውቁም?» ብላ ተቆጣችና፣ ቲኬት ቆራጩን ትከሻውን ሊነቅለው እስኪደርስ ጨምድዳ ይዛ ገባች። የት ትቀመጥ? በገዛ ምክሯ ግራ በኩል ሄደች። በሁለት ወፋፍራም እንግዶች መካከል ተሰነቀረችና ዓይኗን ጨፈነች። ሞተሩ ሲጮህ የማታውቃትን ሴትዮ እጅ ያዘች። ሴትዮዋም አልከለከለቻትም።

ትንሽ እንደሄዱ ከኋላዋ የመጎተት ድምፅ ሰማች። ቲኬት ቆራጩ እያለከለከ ጆንያ ይጎትታል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እንደጨፈነች።

«አሸዋ ነዋ፣ እትዬ! ሰዉ ሁሉ ግራ ግራ ይላል። ይሄን ቀኝ በኩል ካልደረደርኩ ተገልብጠን የዓሣ ራት መሆናችን ነው። አንዲት ሴትዮ ናቸው አሉ እንዲህ የሚመክሩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ካፒቴን ‹ትንፍሽ ትልና!› ብሎኝ ነዋ።»

አሁን ዓይኗን ገለጠች። ግራ በኩል የዓሣ ማቀዝቀዣው ቤት ጀርባ አለ። የዛገ ክሬን አለ። የቆሻሻ ገንዳ አለ፤ ላዩ ላይ ድመት ተኝታለች። ወደ ቀኝ ዞር ብትል አፏን ይዛ ቀረች። ምሽጉ ከነመድፎቹ፣ የመብራት ማማው፣ የማለዳ ፀሐይ ያረፈበት ረጅሙ ግንብ፣ ሰው ባሕር አቋርጦ የሚመጣለት ነገር ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ይህን ሁሉ ሲያይ የኖረውም ጆንያው ብቻ ነው!

ንዴቷ ፍርሃቷን አስረሳት። ብድግ ብላ፣ ወለሉ ከእግሯ ሥር እየተንገዳገደ፣ የነጂው ክፍል ድረስ ሄደች።

«አንተ ሰውዬ! ግራ በኩል ምን አለ?»

ካፒቴን ዓይኑን ከባሕሩ አልነቀለም። «መስኮትሽ አለ» አለ።

«ምን?»

«መስኮትሽ። የት በኩል መቀመጥ ደስ ይላል ስትይኝ፣ እኔን ደስ የሚለኝን የጠየቅሽኝ መስሎኝ ነው።»

ጠይቋት የበሩን መቃን ያዘች።

«ታዲያ... ለእንግዳ መሆኑን ስታውቅ ለምን አላረምከኝም?»

«ታትሞ ወጣ። አፈርኩ።» መሪውን ትንሽ ዞር አደረገ። «በኋላማ ተጎዳሁ። ሁልጊዜ ሳልፍ እጄን አነሳልሻለሁ። አንቺ ግን ይህን ሁሉ ሰው ግራ በኩል እየሰደድሽ ከለልሽኝ። የምታውለበልቢው ለእነሱ ነው።»

ያን ሁሉ ጠዋት አሰበችው። ያን ሁሉ የሰው እጅ፤ ከመካከሉ አንዱ የማን እንደሆነ አላወቀችም ነበር። ልቧ ስንጥቅ አለ። ያን ስሜት ግን ይዛ መቆየት አልሆነላትም፤ ዞር አለችና ጮኸች።

«ሰዎች! ተሳስቻለሁ! ተነሡ፣ ሁላችሁም ወደ ቀኝ!»

እንግዳ ሲባል ታዛዥ ነው። ሁሉም ባንዴ ግር ብሎ ቀኝ ገባ፤ ጆንያው ደግሞ እዚያው ነበር። ጀልባዋ አቃሰተችና ወደ ቀኝ ተጋደመች። ቲኬት ቆራጩ «ኡኡ! እትዬ፣ ኧረ ይማሩኝ!» እያለ አሸዋውን መልሶ ወደ ግራ ይጎትት ጀመር። ካፒቴን ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ቲኬት ቆራጩ ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ ደንግጦ ጆንያውን ለቀቀው።

ደሴቲቱ ላይ ጠይቋት ከእንግዶቹ ይልቅ ብዙ ጠየቀች። ዳቦ በእጇ ይዛ ባሕሩ ዳር ሄደችና ወፍ ነጠቃት። ስትመለስ ግን ቀኝም ግራም አልተቀመጠችም፤ የነጂው ክፍል ውስጥ ከባሏ ጎን ቆመች። አንድ እጇ ኮቱን ጨብጦ ነበር።

አሮጌው የድንጋይ በር ብቅ አለ። ከሥሩ መስኮቷ ተዘግቷል፤ «መጣሁ» የሚለው ወረቀት በነፋሱ ይንቀሳቀሳል። ካፒቴን ሳያስበው እጁን አነሳ።

«ማንን ነው የምትሰላመው? ሰው የለም እኮ» አለችው።

«ለምዶብኝ ነው» አለና እጁን ሊያወርድ ሲል፣ እሷ ኮቱን ለቀቀች። መሀረቧን ከጉያዋ አወጣች። እዚያው አፍንጫው ሥር፣ ጀልባዋ ወደቡ እስክትደርስ፣ አውለበለበችለት።