ከስባሪው ሥር ያለው አፈር

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍላችን የመንገድ ዳር መስኮት ተሰብሮ ተገኘ። መስታወቱ ውጭ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ስደርስ ዘበኛው በመስኮቱ ሥር የሚቀመጠውን ጫማ ጠጋኝ ክንዱን ይዞ ቆሟል። ጠጋኙ ሌሊት ሲያካፋ የነበረው ዝናብ ካባራ በኋላ እንደመጣ ይምላል። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ቀረበች።

"ቆዪ፣ አትጥረጊው" አልኋት።

ይህንኑ ቃል ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተናግሬው ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ያኔ የአንድ ጣሊያናዊ መቶ አለቃ አስተርጓሚ ነበርሁ። ቋንቋውን የለቃቀምሁት ከመንገድ ሥራ ሰፈር ነው። ሰዉ ለሥራዬ ሌላ ስም ነበረው፤ አንባቢ ስለሚያውቀው አልጽፈውም።

ወሩ ግንቦት ነበር። መሬቱ ከወራት ፀሐይ በኋላ ዱቄት ሆኗል፤ መኪና ሲያልፍ አቧራው የባሕር ዛፉን ቅጠል ያለብሰዋል። በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለና ብዙ ሳይቆይ አባራ። አምስት ሰዓት ላይ መቶ አለቃው ከጉብኝት ሲመለስ የቢሮው መስኮት ተሰብሯል። ሲሰበር ያየ ሰው አልተገኘም። ወታደሮቹ ገበያተኛውን ሲፈትሹ ከአንድ ገበሬ ጋቢ ጫፍ ላይ የተቋጠረ፣ መዳፍ የሚያህል ስባሪ አገኙ።

ገበሬው አያ ይኼነው የሚባሉ የይጁቤ ሰው ነበሩ። የበሶ ስልቻቸውን እንዳነገቱ አስገቧቸው።

"መስኮቱን በድንጋይ የመቱት እርስዎ ነዎት ይላል" አልኋቸው።

"ምን አድርጎኝ? ወድቆ አገኘሁት፤ ለልጆቼ ራስ መላጫ ይሆናል ብዬ አነሣሁት።"

በገጠር ያኔ ምላጭ ብርቅ ነው። የመስታወት ስባሪ ራስ ይላጫል፣ ዱላ ይፍቃል፤ ስለት ያለው ስባሪ አግኝቶ ትቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። መቶ አለቃው ይህን ስነግረው ሳቀ። በመስታወት የሚላጭ ሰው መኖሩን አላመነም። በዚያ ሰሞን በእነሱ ቤት ላይ ድንጋይ ወርውሯል የተባለ ሰው ይሰቀል ነበር።

"ሳነሣው ሥሩ አቧራ፣ ዙሪያው ጭቃ ነበር። እሱንም ንገረው" አሉ አያ ይኼነው።

አልነገርሁትም፤ ወድቆ አገኘሁት ይላል ብቻ ብዬ አለፍሁ። አጭር አድርግ የሚል ትእዛዝ ነበረብኝ፤ ነገሩም ፍሬ ያለው አልመሰለኝም።

"ምነው ልጄ፣ እኔ ይህን ያህል ተናግሬ ያንተ ሁለት ቃል ብቻ?"

ይህን ሲሉኝ የተናገሩትን መልሼ አሰብሁት። ሥሩ ደረቅ ከሆነ ስባሪው የወደቀው ከዝናቡ በፊት ነው።

"ከተማ መቼ ገቡ?"

"ካባራ በኋላ። ኬላው ላይ ሲፈትሹኝ ጋቢዬን እየጨመቅሁ ነበር።"

የይለፍ ወረቀታቸውን አየሁ። ኬላው አራት ሰዓት ብሎ ጽፎበታል።

ከውጭ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። ሳላስፈቅድ ወጣሁና ስባሪውን የምትጠርገውን ሴትዮ ቆዪ፣ አትጥረጊው ብዬ አስቆምኋት። መቶ አለቃው እየተቆጣ ተከተለኝ። አንድ ስባሪ አነሣሁ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አነሣሁ። ዙሪያው ጭቃ፣ የእያንዳንዳቸው ሥር ግን ደረቅ አቧራ ነበር። አራተኛውን እሱ ራሱ አነሣና አቧራውን በጣቶቹ መካከል አሸው። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ አያ ይኼነው ያሉትንም ሳላሳጥር ነገርሁት። እሱም ተመልሶ ገብቶ የገዛ ወታደሮቹን ጠራ። ስባሪው የሚበዛው ውጭ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ብቻ ቆጠርሁ፤ የተመታው ከውስጥ ነው ማለት ነው። ማን እንደሰበረው ግን ያኔም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አያ ይኼነውን ለቀቋቸው። እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

"ስባሪዬስ?" አሉኝ።

"እሱ ይቅርብዎ፣ አያ። ጠረጴዛው ላይ ነው።"

"እንግዲያ ያባቱን ራስ ይላጭበት።"

"ይህን ላስተርጉመው?"

"እሱንማ አጭር አድርገው" ብለው ስልቻቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በፊት የስንት ሰው ቃል አጭር እንዳደረግሁ አላውቅም። በኋላ ጋዜጠኛ ስሆን ሰው የነገረኝን ሁሉ መጻፍ ልማዴ ሆነ፤ አለቆቼ ወሬህ ይረዝማል እያሉ ሲነቅፉኝ ኖረዋል።

ማክሰኞ ዕለት ዘበኛውን ዝናቡ መቼ እንዳባራ ጠየቅሁት።

"አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።"

"ጠጋኙስ መቼ መጣ?"

"አንድ ሰዓት ላይ፣ በሩን ስከፍት።"

ጎንበስ ብዬ ትልቁን ስባሪ አነሣሁ። ዙሪያው ገና እርጥብ ነው፤ ከሥሩ ያለው አስፋልት ግን ደረቅ ነበር።