ሁለት ስለት፣ አንድ ዶሮ

በፈረንጆቹ 2021፣ ጸደይ ላይ የሆነ ነው። ትናንት የልጄን ፀጉር ስጎነጉን ጣቴ ማተቧ ላይ ያለችውን ቀይ ዶቃ ነካ። ከመስቀሏ ጎን ተሰክታለች፤ ልሙጥና ቀዝቃዛ ናት። ሁሉን ያስታወሰችኝ እሷ ናት።

ያኔ እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ሞርስ ሮድ የሚባል ጎዳና አጠገብ ከአንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ባለቤቴ ትራክ ይነዳል፤ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። በዚያ ዊንተር ሳንባዋን ታማ በአምቡላንስ ተወሰደች። በወረርሽኙ ምክንያት ከአንድ ሰው በላይ ስለማያስገቡ አልጋዋ ሥር ብቻዬን ተቀመጥኩ። የማሽኑን ድምፅ እየሰማሁ ተሳልኩ። "መድኃኔዓለም፣ ይህችን ልጅ ካተረፍክልኝ የዘንድሮን ፋሲካ ብቻዬን አልበላም፤ ሰው አበላለሁ" አልኩ። ተረፈች። ተመስገን።

የጎረቤታችን በር ከበራችን ፊት ለፊት ነበር። ከኔፓል የስደተኞች ካምፕ የመጡ ቡድሂስት አሮጊት ናቸው፤ ልጄ "አማ" ትላቸዋለች፤ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። ዝናብ ሲያባራ ፓርኪንጉ ላይ የወጡትን ትሎች በወረቀት እያነሱ ወደ ሣሩ ይመልሷቸዋል። የባለቤቴ እኅት ይህን አንድ ቀን አይታ፣ "እኛ ልጅ ማሳደግ አቅቶናል፣ እሷ ትል ታሳድጋለች!" ብላ እስክታነባ ሳቀች።

የቅዳም ሹር ዕለት እኅቱ ከከተማ ውጪ ካለ እርሻ ቀይ አውራ ዶሮ ይዛልኝ መጣች። ክንፉ ፀሐይ ላይ እንደ መዳብ ያበራል። ግን የሚያርድ አልነበረም። እኛ ዘንድ ሴት ዶሮ አታርድም፤ የተጠመቀ ወንድ ነው በስመ አብ ብሎ የሚባርከው። ባለቤቴ ደውሎ፣ "ትራኩ ኢንዲያና ላይ ብሬክ ዳውን አደረገ፤ ለዛሬ አልደርስም" አለኝ። ዶሮው ባልኮኒው ላይ፣ ከወንበር እግር ጋር ታስሮ ወንድ ሲጠብቅ ዋለ።

በዚያ መሃል ነው ልጄ የለመደችው። ከእጇ ሩዝ እየለቀመ፣ ሲያንጎራጉር ድምፁ ሳሎን ድረስ ይሰማል። እኔ አክፍዬ ስለነበር አፌ ደርቆ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ሳቋን አዳምጣለሁ። ከሆስፒታል ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ አማ ሃይስኩል ከምትማረው የልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ አስተረጎመችልኝ። "አያቴ ልጅሽ በአምቡላንስ ስትሄድ ተስላላት ነበር። ሊታረድ የነበረ አንድ ነፍስ ገዝታ ልትለቅላት። ወረርሽኙን ፈርተን ከቤት አላስወጣናትም። አሁን ነፍሱ ራሱ ደጇ መጣ ትላለች። ዶሮ የሚያረባ አጎት አለኝ፤ እሱ ጋ በዕድሜው ይሞታል።" አማ ከአንገታቸው ቀይ የዶቃ ሐብል አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሌላ የሚሰጡት ነገር እንዳልነበራቸው አውቃለሁ።

እኅቱ ብድግ አለች። "ጨሌ! ጭራሽ ጨሌ ይዛ መጣች! ለመድኃኔዓለም የመጣ ዶሮ በጨሌ ሊለወጥ? ደግሞ ወስዳ ምን ልታደርገው ነው? ልታመነኩሰው?"

"እትዬ፣ ቀስ በይ" አልኳት።

ልጄ ዶሮውን ታቅፋ ከባልኮኒው በር ቆማለች። የልጅቷን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰምታዋለች። "ማሚ፣ ስለ እኔ ነው? እሱ ከሞተ እንደገና ሲክ እሆናለሁ?"

ስለቴን በልቤ ደገምኩት። ሰው አበላለሁ ነው ያልኩት። በምስርም ሰው ማብላት ይቻላል።

"ይውሰዱት" አልኩ።

አማ ሁለት እጃቸውን ገጥመው ሰገዱልኝ። ሐብሉን መለስኩላቸው። አጎትየውን ኮል ሊያደርጉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጄ ዶሮውን ከወንበሩ አስራ፣ ካርቶን ፍለጋ ወደ መኝታ ቤት ተከተለችኝ። የቡትስ ካርቶን አገኘን፤ ትልቅ ነው። እርሳስ ይዛ ክዳኑን መብሳት ጀመረች። አልቸኮለችም። አንድ ቀዳዳ ትበሳለች፣ ዐይኗን አስጠግታ ታይበታለች፣ ሌላ ትበሳለች።

ከባልኮኒው የእኅቱ ድምፅ ይሰማኛል።

"ወንድሜ! አንተ ወንድሜ! ክርስቲያን ነህ?"

ከታች የወንድ ሳቅ መለሰላት። "ግንባሬን አታዪም እንዴ እትዬ?"

ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ኋላ ነው የገባኝ። ሰውየው ከቤተ ክርስቲያን መመለሱ ነበር፤ ቄጠማ በሌለበት አገር ከወንዝ ዳር የታጨደ ሣር ግንባሩ ላይ አስሯል። እሷም ያንን አይታ ነው ዶሮውን እንዲባርክላት ወደ ላይ የጠራችው።

ክንፍ የመታጠቢያ ገንዳውን ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ።

ስንወጣ ሰውየው ቢላዋውን እያለቀለቀ ነው። ሣሩ ግንባሩ ላይ አለ። "እንኳን አደረሳችሁ! የሰባ ነው፣ የምሥራች ብሉት" አለ። የልጄን ፊት ሲያይ ደነገጠ። "ምነው እሙዬ?"

"ታመሰግኚኛለሽ" አለችኝ እኅቱ። "ለልጅሽ ስል ነው ያደረግኩት። ስለት አጓድለሽ ደግሞ አምቡላንስ ልትጠሪ ነው?"

ልጄ አላለቀሰችም። ካርቶኑን እንደታቀፈች ገንዳውን አየችና፣ "ኤር እንዲያገኝ ነበር የበሳሁት" አለች። ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። ኢንሄለሯን አፏ ላይ ያዝኩላት።

በሩ ክፍት ነበር። አማ ዶሮውን የሚጠቀልሉበት ንጹሕ ጨርቅ ይዘው ገቡ። አዩ። አልጮኹም። ገንዳው ሥር ተንበርክከው ከንፈራቸውን ወደ ዶሮው ጆሮ አስጠጉና ቀስ ብለው ብዙ ጸሎት ደገሙ። ሲጨርሱ ወደ ሰውየው ዞረው እጃቸውን ገጠሙ።

"ለእኔ ነው የምትጸልየው?" አለ።

"ለሁሉም ነው" አለች የልጅ ልጃቸው። "መጀመሪያ ግን ቢላዋ ለያዘው እጅ። የባሰ የሚያሳዝነው እሱ ነው ትላለች።"

"ለእኔስ ይቅርብኝ!" አለች እኅቱ። ብቻዋን ሳቀች። ሰውየው ሣሩን ከግንባሩ ፈትቶ በእጁ ይዞ፣ ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ።

አማ ልጄን ፊቷን በጨርቁ ጠረጉላት። "የእኔ ስለት ደርሷል" አሏት በልጅ ልጃቸው አንደበት። "እናትሽ ይውሰዱት ስትል ነፍሱ ተለቋል። ቢላዋው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።" ልጄ እንዳላመነቻቸው ከዐይኗ አየሁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። የሐብላቸውን ክር በጥርሳቸው በጥሰው አንዲት ዶቃ መዳፏ ላይ አኖሩላት።

"ጨሌ ቤትሽ አስገባሽ" አለች እኅቱ።

የልጄን ማተብ ፈትቼ ዶቃዋን ከመስቀሉ ጎን ሰካሁና መልሼ አሰርኩላት።

አማ በሚቀጥለው ዊንተር አረፉ። በሆስፒታል መስኮት፣ በበረዶ ውስጥ ቆመን ነው የተሰናበትናቸው። ልጄ ዶቃዋን ወደ መስተዋቱ አንሥታ አሳየቻቸው። ያዩአት ይመስለኛል።

በዚያች የፋሲካ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ድስቱ ምድጃው ላይ ነበር። እኅቱ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ፣ አሳምራ ሠርታዋለች፤ ቤቱን አውዶታል። እሷ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ሌላ ድስት ጣድኩ። በፋሲካ ጠዋት፣ በዘይት፣ የጾም ሽሮ ሠራሁ። ልጄን አስነሥቼ እንጀራውን አስያዝኳት፤ ድስቱን በፎጣ ይዤ የአማን በር አንኳኳሁ። ልጄ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር።

ጠረጴዛቸው ላይ ክዳኑን ስከፍት አጎንብሳ አየች።

"ዶሮ የለበትም?"

"የለበትም።"

እንጀራውን ቆረሰች። የመጀመሪያውን ጉርሻ አማን አጎረሰች፤ ሁለተኛውን እኔን። የዚያን ዓመት ጾሜን በሽሮ ፈታሁ።