አሜኑን የበላው ትራንዚሽን

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ፣ የእህቴ ልጅ መልስ ላይ፣ የአያቷ ምርቃት በቴሌቪዥን ታይቶ ሲያበቃ ከቤቱ ማንም አሜን አላለም። አክስቴ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ልጅ፣ አሜኑን የት አደረስከው?» አሉኝ። የሃምሳ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ።

አባቴ ስላመማቸው ከሺንሺቾ መምጣት አልቻሉም። ሙሽራዋን የመረቋት በስልክ ተቀርጸው ነው፤ በአራት አጫጭር ቪዲዮዎች። በእያንዳንዱ መጨረሻ ጎረቤቶች «አሜን» ይላሉ፤ ቀራጩም እዚያው ላይ ያቆማል።

እኔ አራቱን በላፕቶፕ ሳገጣጥም ላሳምር ብዬ በየመሃሉ ትራንዚሽን አስገባሁ፤ አንዱ ምስል ቀስ እያለ ጠፍቶ ሌላው እንዲተካ። የአራተኛውንም መጨረሻ አደበዘዝኩት።

ፕሮግራሙ ለዚህ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ጫፍ አንድ ሰከንድ ከነድምፁ ይወስዳል። አይጠይቅም፣ አያስጠነቅቅም። የወሰደው ሰከንድ አሜኑ ያለበትን ነው። እኔም ስፈትሸው መናኸሪያው አጠገብ ካፌ ውስጥ ድምፁን ዘግቼ ነበር።

ሃያ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስሠራ የሰው ንግግር ያለቦታው ቆርጬ አላውቅም። የአባቴን ምርቃት ቆረጥኩ።

«አሜን ካልተባለ ምን ምርቃት አለ? እስካሁን ወሬ ነው የሰማነው» አሉ አክስቴ። ሙሽራዋ አቀርቅራለች።

ላፕቶፑን እዚያው ከፍቼ ትራንዚሽኖቹን አንድ በአንድ አጠፋሁና እንደገና አጫወትኩት። ምስሉ ይዘላል፣ ያስጠላል። አሜኑ ግን አለ፤ ቤቱም አብሮ አሜን አለ።

«አሁን ተመረቀች» አሉ አክስቴ።

እኔ እስካሁን ንዴቴ አልወጣልኝም። እናንተስ፣ ላሳምር ብላችሁ ምን አጥፍታችሁ ታውቃላችሁ?