ለታገስ የተገነፋ አጃ

አምሳ አለቃ እንደሻው ምድጃ አጠገብ ቆመው አያውቁም። በወታደርነታቸው ዘመን የካምፑ ወጥ ቤት አብልቷቸዋል፤ ሐረር ተመድበው መጥተው አቦከር ሰፈር ጎጆ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሥርጉት። ሥርጉት በጥር ሲያርፉ ቤቱ ውስጥ ሁለት ነፍስ ቀረ፤ እሳቸውና የሟቿ ውሻ ታገስ።

ከውሻው ጋር እምብዛም አይዋደዱም ነበር። አሁን ግን ታገስ የሥርጉት መኝታ ቤት ደፍ ላይ ተጋድሞ እህል አልቀምስ አለ። ጎኑ ገባ፣ አጥንቱ ወጣ። የሽማግሌው ሆድ ባባ።

«እኔንስ ለቀስተኛ አጽናናኝ፤ ይኼን ማን ያጽናናው?» አሉ።

ለደም ግፊታቸው የተገዛ አጃ ጓዳ ውስጥ ነበር። ሥርጉት አንጥረው ካስቀመጡት ቅቤ ዛቅ፣ ከበርበሬው ቆንጠር፣ ከጨው ጣል አድርገው አገነፉለት። ሁዳዴ ስለገባ አልቀመሱትም። ታገስ ቀና ብሎ ሳህኑን ላሰው፤ ደስ አላቸው። ብዙም ሳይቆይ ግን ያስመልሰው፣ ያስቀምጠው ጀመር። ደንግጠው በባጃጅ ጭነው ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወደ ዓብዱላሂ ወሰዱት።

«ምን አበሉት አባባ?»

«ገንፎ ነዋ! ቅቤው ከላይ የሚንሳፈፍ የአጃ ገንፎ።»

ዓብዱላሂ አልሳቀባቸውም። ውሻውን መርፌ ወግቶ፣ «አጃው አልበደለም፤ የጨመሩበት ነው የጎዳው» አላቸው። «ዛሬ ሆዱ ይረፍ፣ ውሃ ብቻ ይጠጣ። ሲሻለው አጃውን በውሃ ብቻ በደንብ ያብስሉት። ጨው፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት እንዳይነካው፤ ወተትም ይቅርበት። ዘቢብማ ለውሻ መርዝ ነው። አቀዝቅዘው በማንኪያ ትንሽ ይሞክሩለት። ደግሞ አጃ ብቻውን አይሆነውም፤ ዋና ምግቡ ሥጋ ነው።»

«ሥጋ? በጾም?»

ቤት ተመልሰው ይህንኑ ሲያወሩ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሸምሲያ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ሰምተው ሳቁ። የሶላት ልብሳቸው እንዳይነጀስ፣ እንዳይረክስ ብለው ውሻ አያስጠጉም።

«አብሽሩ አምሳ አለቃ! እርስዎ ጾመኛ፣ እኔም ረመዳን ላይ ነኝ፤ የሚበላው እሱ ብቻ ነው። ዶሮ ያለ ጨው ቀቅዬ፣ አጥንቱን ለቅሜ አመጣለሁ።»

አመጡም። ዕቃውን በሩ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ፤ አምሳ አለቃ ሥጋውን ከቀዘቀዘው አጃ ጋር ለውሰው፣ መሬት ቁጭ ብለው ያቀርባሉ። መጀመሪያ ታገስ ከእጃቸው ላይ ነበር የሚልሰው።

«ለሚስቱ ሻይ አፍልቶ የማያውቅ ለውሻ ያገነፋል» ብለው የሰፈር ሰዎች አሙዋቸው። ወሬው ጆሯቸው ሲገባ አልተቆጡም። «እውነታቸውን ነው» አሉና ድስቱን ማማሰል ቀጠሉ።

አንድ እሑድ ታገስ ከደፉ ተነሣና እስከ ቤተ ክርስቲያን ተከተላቸው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ ተኝቶ ጠበቃቸው። ሲወጡ ብድግ ብሎ ጭራውን ቆላ።

«ና ልጄ፣ ቤታችን እንግባ» አሉት።